የአትክልት ተራ ነጋዴ ድረ ገጹን ማን ይጻፍለት?

የድሮው አትክልት ተራ ነጋዴ ጽሑፍ አያስፈልገውም ነበር። ለምን ይጻፍ? በፒያሳና በመርካቶ መካከል ቦታው ራሱ ማስታወቂያው ነበር። ሽንኩርት የፈለገ፣ ቲማቲም የፈለገ፣ እግሩ እዚያው ያደርሰዋል። መርካቶም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጎማ የፈለገ ጎማ ተራ፣ ሸማ የፈለገ ሸማ ተራ፣ ሌላ ቦታ አጥቶት የተቸገረ ደግሞ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። "ተራ" የምትለው አንዲት ቃል የነጋዴውን አድራሻና የዕቃውን ዓይነት ባንድ ላይ ትናገራለች። ዛሬ ሰው በስልኩ የሚፈልገውን መርካቶ በእግር ሲያስፈልግ ኖሯል ማለት ነው።

ቦታው ሲነሳስ?

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራ የጅምላ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተወሰደ። ክረምቱ መጣ፤ ነጋዴውም ገዢውም ጭቃ ውስጥ ገቡ። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ከጃን ሜዳ ተነስቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ! ድንችና ቲማቲሙን በካሚዮን ጭኖ መሄድ ይቻላል። ደንበኛን ግን በካሚዮን ጭኖ የሄደ ማነው? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሸማ ተራ በእሳት ጋየ። ሱቁ ከነዕቃው ሲሄድ ለነጋዴው የቀረው ስሙና የስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ "ዌብሳይት ላውጣ ወይ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ቦታው ሲነሳ አብሮ የማይነሳ አድራሻ ፍለጋ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ወዲያው ይከተላል፦ እሺ፣ ውስጡ የሚገባውን ጽሑፍ ማን ይጻፈው? ነጋዴው ራሱ ይጻፍ ወይስ ከፍሎ ያስጽፍ?

ከወዲሁ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ከዚህ ሥራ እንጀራ ከሚበሉት አንዱ ነኝ። ቋሚ መሥሪያ ቤት የሌለው ጋዜጠኛ ምን ያህል እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ፤ ለትናንሽ ድርጅቶች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ የቤት ኪራይ የምከፍልበት ወር አለ። ስለዚህ "ክፈሉ!" ብል የራሴን ኪስ እንደማስብ ቁጠሩት። ሆኖም የምለው ሌላ ነው። ለጣት ክፈሉ፤ ለቃል አትክፈሉ። እስቲ ነገሩን አንድ ባንድ እንየው።

"በተመጣጣኝ ዋጋ"

ለመሆኑ ዛሬ "ኮንቴንት" እየተባለ የሚሸጠው ጽሑፍ ምን ይመስላል? "ድርጅታችን በዘርፉ የካበተ ልምድ ያለው ሲሆን ጥራቱን የጠበቀ አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀርባል። የደንበኞቻችን እርካታ ኩራታችን ነው።" ይህን ያላያችሁበት ድረ ገጽ ካለ ንገሩኝ። የአትክልት አቅራቢው ይህንኑ ይላል፤ ሲሚንቶ ሻጩም ይህንኑ ይላል፤ የጥርስ ሐኪሙም ይህንኑ ይላል። "ተመጣጣኝ" ከምን ጋር እንደተመጣጠነ የጠየቀ የለም!

አንዲት ቀላል መፈተኛ ልስጣችሁ። ከፍላችሁ ያስጻፋችሁትን ጽሑፍ አውጡና የድርጅታችሁን ስም በጣታችሁ ሸፍኑት። በምትኩ የጎረቤታችሁን የቆርቆሮ ሱቅ ስም ክተቱበት። ጽሑፉ ሳይንገዳገድ ከቆመ የናንተ አይደለም። የከፈላችሁት ለአየር ነው።

ደንበኛውስ ማንበብ የሚፈልገው ምንድን ነው? የሆቴል ቤት ዕቃ ግዢውን አስቡት። ሽንኩርቱ የፎገራ ነው የመቂ? በኩንታል ብቻ ነው የምትሸጡት ወይስ ሃያ ኪሎም ትሰጣላችሁ? መኪናው ስንት ሰዓት ይገባል? እስከ ቤት ታደርሳላችሁ? ደረሰኝ አላችሁ? በቴሌብር መክፈል ይቻላል? የበሰበሰ ቢገኝበት ትመልሳላችሁ ወይስ "ከወጣ አይመለስም" ነው? እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች በቀና አማርኛ የመለሰ ገጽ "ራዕይና ተልዕኮ" ብሎ ሦስት ገጽ ከሞላው ይበልጣል። መልሱን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለቤቱ። አበው "ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው" ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንዲት እናት የነገሩኝ

ከድሮው አትክልት ተራ ጀምሮ በሽንኩርት ጅምላ የኖሩ አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ ልጆቹ ዌብሳይት ክፈቺ እያሉኝ ነው። አንተ ጻፍልኝና እከፍልሃለሁ" አሉኝ።

"ምን ብዬ ልጻፍ፣ እትዬ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! እናንተ የምትጽፉትን ነዋ፤ ያማረውን።"

እኔም ያማረውን ትቼ፣ "ሆቴል ቤት ደውሎ ሽንኩርት ቢልዎት መጀመሪያ ምን ይጠይቁታል?" አልኳቸው። እሳቸው ምን አሉ መሰላችሁ? "ለዛሬ ነው ለሳምንት? እለዋለኋ። ለዛሬ ከሆነ እርጥቡንም እሰጠዋለሁ፤ ይረክስለታል። ለሳምንት ከሆነ ግን ልጣጩ ደርቆ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸውን ነው የምመርጥለት። እርጥብ ሽንኩርት በጆንያ ታፍኖ ከከረመ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ ሰውየው እኔን ይረግማል እንጂ ጆንያውን አይረግምም።"

"ይኸው ጻፉት እኮ!" አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ሳቁ። እኔ ግን ስቀልድ አልነበረም። አምስት ዓረፍተ ነገር ነው የተናገሩት። ደንበኛው ምን እንደሚያስፈልገው አለ፣ የዋጋው ልዩነት ከምን እንደሚመጣ አለ፣ ሽንኩርት እንዴት እንደሚመረጥ አለ፣ ስማቸውን እንደሚጠብቁም አለ። ይህን የትኛው ኮሌጅ ያስተምራል? እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ሳምንት ብቀመጥ አላመጣውም። የኔ ድርሻ የሆነው የተናገሩትን መቅዳት፣ መልቀም፣ ነጥቡን ቦታው ማስቀመጥ ነበር። ለዚያ ከፈሉኝ፤ ተገቢም ነው።

እንዲህ ያለው ዕውቀት በየመደቡ ሞልቷል። ፀሐይ ላይ የከረመ ድንች እንደሚያረነጉድና እንደሚመር፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ አረንጓዴውን መጥቶ እዚህ እንደሚበስል፣ ለሩቅ መንገድ የሚጫን ቲማቲም ቀይ ሳይሆን ገና ሲቀላ እንደሚለቀም ነጋዴው ያውቃል። ገዢው ግን ሁሌም አያውቅም። ይህን የነገረው ነጋዴ ዘንድ ተመልሶ ይመጣል። ድረ ገጽ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።

ራፖር ጻፊው

"እንግዲያው ራሳችን እንጻፍ፤ ብር ለምን እናወጣለን?" የሚሉም አሉ። ይሄም ሲነገር ነው የሚቀለው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ መኪና የሚያራግፍ ሰው ማታ ቁጭ ብሎ ድርሰት ይጻፍ? ፊደል ቆጥሮም ቢሆን መናገር የሚችለው ሁሉ መጻፍ ይሆንለታል ማለት አይደለም። የሚጣፍጥ ወግ የሚያወራ ሰው ብዕር ሲይዝ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ይደርቃል። "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ብሎ ይጀምራል። ምን ያድርግ? ያየው ጽሑፍ ሁሉ እንደዚያ ነው!

አገራችን ይህን ችግር ድሮም ታውቀዋለች። በየፍርድ ቤቱ በር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጻፊ አስታውሱ። ባለጉዳዩ አቤቱታውን ይዞ ይመጣል፤ የሚጽፍለት ሌላ ነው። ነውርም አልነበረም። ግን ራፖር ጻፊም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል፦ "መሬቱን ማን አወረሰህ? ምስክር አለህ? መቼ ነው የተካሰሳችሁት?" ካዳመጠ በኋላ የሰውየውን ነገር በሰውየው አፍ ይጽፈዋል። ሁለተኛው ደግሞ የተዘጋጀ አቤቱታ አለው፤ ስም ብቻ ይለውጣል። ባለጉዳዩ ዳኛ ፊት ቀርቦ "አንተ ያልከው ይህን ነው?" ሲባል አፉን ይይዛል፤ ምክንያቱም አላለውም።

የዛሬው የድረ ገጽ ጸሐፊም ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው። ሳይጠይቃችሁ የሚጽፍላችሁን አትቅጠሩ። ገበያችሁ ድረስ መጥቶ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ያዳመጣችሁን ክፈሉት፤ አትከራከሩት።

ማሽኑስ?

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ መጥተዋል። "ለምን ለሰው እከፍላለሁ? ማሽኑ በነጻ ይጽፍልኛል" የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። ይጽፋል፤ ለመጻፍማ ማን ብሎት! ግን ማሽኑ ሽንኩርታችሁን አላየውም። መኪናችሁ ስንት ሰዓት እንደሚገባ አያውቅም። የማያውቀውን ሲጠይቁት ደግሞ ያንኑ "በተመጣጣኝ ዋጋ" የሚለውን አሳምሮ ይመልሳል። ስም ለዋጩ ራፖር ጻፊ ፈጥኖ ተመለሰ እንጂ አዲስ ሰው አልመጣም።

ጉግልም ቢሆን ነቅቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ያወጣው ደንብ፣ ፍለጋ ላይ ከፍ ብሎ ለመታየት ሲባል ብቻ በገፍ የሚመረቱ ገጾችን ሰው ይጻፋቸው ማሽን ሳይለይ ወደ ታች እንደሚጥል ይናገራል። ስለዚህ "አምሳ ገጽ ጽፈን አንደኛ እናወጣሃለን" የሚላችሁን ሰው ፈገግ ብላችሁ አሳልፉት።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ነጋዴ አንድ መልካም ነገር አለ። የኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ዝርዝር፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። በአማርኛ የተጻፈ ጠቃሚ ገጽ ገና ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛ ስለ ሽንኩርት ብትጽፉ ከዓለም ጋር ነው የምትፎካከሩት። "ሽንኩርት በጅምላ ኃይሌ ጋርመንት" ብላችሁ በአማርኛ ብትጽፉ ግን ስንት ተፎካካሪ አላችሁ? ታዲያ ደንበኛው በምን ፊደል እንደሚፈልጋችሁም አስቡ። አንዱ "ኃይሌ" ይላል፣ አንዱ "ሀይሌ"፣ አንዱ "ሃይሌ"። ሁሉንም ገጹ ላይ አንድ ቦታ አስገቧቸው። የቅኔ መምህር ይቆጣ ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ያገኛችኋል።

የሰው ቤትና የራስ ቤት

"ቴሌግራም እያለልኝ ዌብሳይት ምን ያደርግልኛል?" ይላሉ። እውነት ነው፤ የመርካቶ ነጋዴ ግማሽ ሥራው ዛሬ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ዋጋውን ጠዋት በድምፁ ይለቃል። ይህን ተዉ አልልም። የየቀኑን ዋጋ እዚያው አድርጉት፤ ዋጋ በየዕለቱ ይለዋወጣልና። ድረ ገጽ ላይ የወር ዋጋ ተለጥፎ ከማየት ባዶውን ማየት ይሻላል።

ነገር ግን በየካቲት 2015 ዓ.ም. የሆነውን አትርሱ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እግዱም እስከ ሐምሌ ቆየ። ነጋዴው ምን አጠፋ? ምንም! ሱቁን የከፈተው ግን የሰው ቤት ውስጥ ነበር፤ በሩ ሲቆለፍ አብሮ ተቆለፈበት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. እንደሆነው ኢንተርኔት ጭራሹን ለሳምንታት ሲዘጋማ የራስ ቤትም አያድንም። መንግሥት እንዲህ ያለ መዝጊያ ባነሳ ቁጥር ሒሳቡን የሚከፍለው ተሳዳቢው ሳይሆን ሽንኩርት ሻጩ መሆኑን የሚነግርልን ይኑር። ቢሆንም ከሁለቱ መቆለፊያ አንዱን መቀነስ ብልህነት ነው። ለዚህ አንድ ገጽ ይበቃል። ቦታችሁ፣ ሰዓታችሁ፣ የምትሸጡት፣ ትንሹ መጠን፣ ማድረሻው፣ አከፋፈሉ፣ ስልክ የሚያነሳው ሰው። አለቀ!

በዚህ ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የድረ ገጹ ስም የሚመዘገበው በጸሐፊው ወይም በሠሪው ልጅ ስም ሳይሆን በናንተ ስም ይሁን። የይለፍ ቃሉ በእጃችሁ ይሁን። ቁልፉን ለዘበኛው ብቻ ሰጥቶ የሚያድር ባለ ሱቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ አገር ለቆ ቢሄድ ወይም ብትጣሉ፣ ገጹ ተለጥፎ ይቀራል፤ የድሮው ቦታችሁና የድሮው ስልካችሁ ላይ ደንበኛ ሲልክባችሁ ይኖራል። በገጽ ብዛትም አትክፈሉ። በገጽ የሚከፈለው ሰው አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይላል፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ!

የጻፈው ማን ይጠየቃል?

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። የተገዛው ጸሐፊ "በከተማችን አንደኛ"፣ "መቶ በመቶ ከኬሚካል ነጻ" ብሎ ቢጽፍላችሁ ከስሩ ያለው ስም የናንተ ነው። ገዢው መጥቶ የሚይዘው የናንተን ክንድ ነው፤ ጸሐፊውማ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ሕጉን ተዉትና ገበያውን እንኳ ብናይ፣ አትክልት ተራ ውስጥ ብዙ ብር በአፍ ቃል ብቻ ሲሻገር የኖረው ቃል ስለሚጠበቅ ነው። ያን ቃል ለማያውቃችሁ ሰው አሳልፋችሁ ስትሰጡ የምትሰጡት ካፒታላችሁን ነው።

በራሷ ሰፈር ነገር ዓለምን የደረሰችም አለች። ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ስትጀምር የሸጠችው ሁላችንም የምናውቀውን በረባሶ ነበር፤ ያረጀ ጎማ ጫማ ሲሆን። በኢንተርኔት ባሕር ማዶ የተሸጠው ጫማው ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ ባለሙያዎችና የጎማው ነገር አብሮ ተሸጠ። "ጥራቱን የጠበቀ ጫማ በተመጣጣኝ ዋጋ" ቢባል ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

እንደገና ደላላ?

በአትክልት ተራ ታሪክ ነጋዴውንም ገበሬውንም ሲያንገበግብ የኖረው ደላላ ነው። ደላላው ሽንኩርት አይዘራም፣ አይጭንም፣ አያራግፍም። ያለው ወሬ ነው፤ ማን ምን እንዳለው፣ ማን ምን እንደሚፈልግ። በመካከል የቆመው ሰው ወሬውን ስለያዘ ገበሬው ርካሽ ይሸጣል፣ ገዢው ውድ ይገዛል። ድረ ገጹ ለትንሹ ነጋዴ ዋጋ የሚኖረው ይህን ወሬ ከመካከል አውጥቶ ለራሱ አፍ ሲመልስለት ነው። ሻጩና ገዢው በቀጥታ ይነጋገሩ ነው ነገሩ። ታዲያ ከደላላ ለመገላገል የከፈታችሁትን ገጽ ለቃል ደላላ አሳልፋችሁ ከሰጣችሁ ምኑን ተገላገላችሁት?

ስለዚህ የምላችሁ አጭር ነው። ስልካችሁን አውጡና ቅጂውን ክፈቱ። ለአዲስ ደንበኛ የምትነግሩትን ሁሉ ለስልኩ ንገሩት። ልጃችሁ መጻፍ ከቻለ እሱ ይገልብጠው፤ ካልቻለ እንደኔ ላለው ክፈሉ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። "ይሄን እኔ አልልም" የምትሉት ቦታ ሲደርስ አስቁሙትና ሰርዙት በሉት፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

ሽንኩርቱን ቀዶ ሳያይ ጆንያ ሙሉ የሚገዛ ጅምላ ነጋዴ እስከ ዛሬ አላየሁም። ታዲያ ሳያነብ በስሙ የሚያስለጥፍ ለምን ይኖራል?